ንቆ የተነሳው እንግዳ

ሾርባው ተነስቶ ሥጋው ከመቅረቡ በፊት እንግዳው ከወንበሩ ተነሳ።

የልጅቷ አክስት ማንኪያዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። የቤቱ ጌታ የጠየቀው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም። ጥያቄውም ከባድ አልነበረም፤ ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ የሚጠይቀው «ለመሆኑ ቤተሰቦችህ የት ናቸው?» የሚል ነው። እንግዳው ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ፤ ከተቀመጡት ሰዎች አናት በላይ ግድግዳውን ተመለከተ፤ ከዚያም፣

«እዚህ ተቀምጬ የምሰማው ቁም ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ጊዜዬን አታባክኑ» አለና ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ሌላ ቤት ቢሆን ይህ ስድብ ነው። ለዚያ ቤት ግን ድግስ ሆነለት። ሥጋው ቀርቦ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሁሉም ከእንግዳው ይልቅ እንግዳው ጥሎት የሄደውን ስድብ በፍቅር አጣጣመው።

«አንድ የክሬን ነጂ!» አለች አክስትየዋ። «እኔን! እኔ የሠራሁትን ሾርባ! ምነው በሞትኩት!»

«ምን ታደርጊዋለሽ፣» አለ አባትየው፤ «ቀኑን ሙሉ ከላይ ሆኖ የሰው አናት ብቻ ሲያይ የሚውል ሰው፣ ፊት ሲያይ ግራ ይገባዋል።» በራሱ ቀልድ በጣም ስለተደሰተ ለወንድሙ ስልክ ደውሎ ደገመለት።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ባዶውን ወንበር እያየች ነበር። ወንበሩን ሲስብ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይታለች። ያኔ ከደስታ ነው ብላ ነበር። አሁን ከንቀት መሆኑ ገባት። ወይም የገባት መሰላት።

አባቷ ተቋራጭ ነው። እሷ ደግሞ እሱ በሚያስገነባው ትልቅ ሕንፃ ሳይት ላይ መሐንዲስ ናት። እንግዳው በዚያው ሳይት የታወር ክሬን ኦፕሬተር ነው። ጠዋት መሰላሉን ወጥቶ እዚያ ሰማይ ላይ የተሰቀለችው ካቢን ውስጥ ይገባል፤ ለምሳ እንኳ አይወርድም። ከወረደም ማንንም አያነጋግርም። ሻይ ሲጋብዙት «አልፈልግም» ብሎ ያልፋል። ሠራተኞቹ «ደመናው» ብለው ስም አወጡለት። «ዝናብ የሌለው ደመና» ሲሉ እሷም ሰምታ ስቃለች።

በሬዲዮ ግን ሌላ ሰው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ምልክት ሰጪው በቀረበት አንድ ቀን ነው። ጭነት ሲነሳና ሲወርድ ከታች ሆኖ ኦፕሬተሩን በሬዲዮ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል። ሬዲዮውን እሷ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ከባድ ጭነት ሲኖር ሬዲዮውን እሷ መያዝ ልማድ ሆነ። ውሎ አድሮ ቀላሉም ጭነት ሁሉ ከባድ ሆነ።

«ካቢን፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ። ዛሬ ሄልሜትሽን አጥበሽዋል።»

«ከዚያ ላይ ሆነህ እሱ ነው የሚታይህ? ከተማው በሙሉ ከፊትህ ተዘርግቶ?»

«ከተማው የትም አይሄድም። ሄልሜቱ ግን ይጠፋብኛል።»

ምልክት ሰጪው ጆሮውን ያክ ነበር፤ ፎርማኑ ያስል ነበር። እሷ ደግሞ የፌሮ ብረት የምትቆጥር መስላ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። አባቷ ወሬው ደርሶት «እስቲ ይህን ሰማያዊ ሰው ምሳ ጋብዢልኝ፣ መልኩን ልየው» ያለው ከዚህ በኋላ ነው። መልኩንም አየው። ጀርባውንም ጭምር።

ሰኞ ጠዋት ሬዲዮውን ስታነሳ ድምፅዋ የቢሮ ድምፅ ነበር።

«ካቢን፣ ፌሮ ነው። ወደ ግራ።»

«ወደ ግራ።»

«ውረድ። ውረድ። ውረድ።»

«እየወረድኩ ነው።»

እዚህ ላይ የክሬን ሥራን አንድ ደንብ መናገር ያስፈልጋል። ጭነቱ ኦፕሬተሩ ከማያይበት ቦታ ሲወርድ፣ ከታች ያለው ሰው አፉን አይዘጋም፤ «ውረድ፣ ውረድ» እያለ ይቀጥላል። ድምፁ ከተቋረጠ ኦፕሬተሩ በዚያው ቅጽበት ያቆማል። ባትሪ አልቆ ይሁን ሰው ወድቆ አይጠይቅም። በሬዲዮ ዝምታ ማለት «ቁም» ማለት ነው። ይህ ደንብ ብዙ ሰው ከሞት አድኗል። ሁለቱን ግን ሊያጠፋቸው ነበር።

ከምሳው በኋላ እሱ አልደወለም፤ ምን ብሎ እንደሚደውል አላወቀም። እሷ ዝምታውን ሰማችና እንደ ሥራዋ ቆመች። እሷ ስትቆም እሱ ዝምታዋን ሰማ፤ እሱም ቆመ። ሁለት አስተማሪዎች ወይም ሁለት ነጋዴዎች ቢሆኑ ኖሮ በማግስቱ ተሰዳድበው፣ ተላቅሰው፣ ይታረቁ ነበር። እነዚህ ግን ዝምታን ሲሰሙ መጠየቅ ሳይሆን ማቆም የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱም «ሌላው አቁም አለኝ» ብሎ አመነ።

አክስትየዋ ቁስሉ እንዳይደርቅ የበኩሏን አደረገች። «ናቀሽ የኔ ልጅ፣» ትላት ነበር ፀጉሯን እየዳበሰች፤ «አንቺን ሳይሆን ዘርማንዘርሽን ነው የናቀው። እኔ እኮ ገና በር ላይ ሲገባ ጫማውን አይቼ አውቄያለሁ።» ጫማው ምን ሆኖ እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ልጅቷ «ተይኝ አክስቴ» አለች። ማታውን ግን ስለ ጫማው ሳይሆን ስለ ናቃት ዓይኑ እያሰበች ትራሷን አራሰች። ልቧን የበላት መናቋ አልነበረም፤ ያንን ሰው በሬዲዮ ስትሰማ የነበረችው ሞኝ እሷ መሆኗ ነው።

ፎርማኑ በየሳምንቱ የሥራ ደህንነት ስብሰባ ያደርጋል፤ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ይታጨቃል። ደመናው ገብቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ከተቋራጩ ቀጭን ትእዛዝ መጣ፦ «ማንም አይቀር፤ በተለይ እሱ።» ተናጋሪዋ ደግሞ መሐንዲሷ ናት።

ገባ። መካከል ላይ አስቀመጡት፤ በፊቱም በኋላውም ሰው። በሩ ሲዘጋ አንገቱን አዙሮ አየው። እሷ ስለ መወጣጫ እንጨቶች መናገር እንደ ጀመረች ተነሳ።

«ሕፃናት አይደለንም» አለ ጮክ ብሎ። «ይህን ተረት ለልጆችሽ ንገሪያቸው።»

የሰው ጉልበት እየረገጠ ወጣ። ከኋላ አንዱ «ደመናው ነጎደ!» ሲል ኮንቴይነሩ በሳቅ ተናጋ።

እሷ የምታስረዳበትን ወረቀት ለፎርማኑ አስጨብጣ ተከተለችው። ልትለምነው አልነበረም። ይህን ሰው ዛሬ ልክ ልኩን ልትነግረው ነው። በጫማው ልትጀምር ሁሉ አስባለች።

ከተከመረው ፌሮ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ ተቆርጦ እንደ ወደቀ ነገር ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ሄልሜቱን ወርውሮታል። ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ አንድ እጁን ደረቱ ላይ ተጭኖ፣ ውሻ እንዳባረረው ሰው በአፉ ይተነፍሳል። ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ጠፋባት።

«ልብህ ነው? ልብህን ነው? ቆይ ሰው ልጥራ!»

«አትጥሪ!» አለ ከትንፋሹ መካከል ቆርጦ። «ያልፋል።»

«ምኑ ነው የሚያልፈው? ራስህን አይተኸዋል?»

«ሂጂ ነው የምልሽ! አንቺን ማን ጠራሽ? ሂጂ፣ የሰው ፊት አስጠልቶኛል!»

ይህን ሲላት ዓይኖቹን አየች። ድምፁ ይሰድባታል፤ ዓይኖቹ ግን እጇን ይዘው አልለቀቁም። ፌሮው ላይ ተቀመጠች። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ወረደ፤ ትከሻው ወረደ። በመጨረሻ እጅጌውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ላቡን ጠረገ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

«ብዙ ጊዜ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«አልቆጥርም።»

«እኛ ቤትም?»

ዝም አለ።

«በሬዲዮ ላይ አይደለንም፤ ዝም ስትል አላቆምም። መልስልኝ። እኛ ቤትም እንዲህ ሆነህ ነው?»

«አባትሽ ወደኔ ዞሮ ሲጠይቀኝ ጀመረኝ» አለ ለመሬቱ። «ደረቴን ጨመደደኝ። ጆሮዬ ተደፈነ። ጣቶቼ ደነዘዙ። እዚያው ሾርባው ላይ ተደፍቼ የምሞት መሰለኝ። ካልሞትኩም የምጮህ።»

«እና ‹ጊዜዬን አታባክኑ› አልክ።»

«አዎ።»

«የምትሞት መስሎህ እያለ?»

«ስፈራ ከምታዪኝ ብዬ።»

ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም። «አንተ ሰው፣ እኔ እኮ አልቅሻለሁ! ናቀሽ ሲሉኝ አምኜ ተቀምጬ አልቅሻለሁ! ከፈራህ ፈራሁ አትልም?»

«ለማን?» አለ፤ አሁን ቀና ብሎ አያት። «የሚንቅ ሰው ሲገባ ወንበር ይለቁለታል። የሚፈራ ሲገባ ይስቁበታል። አሁን ስወጣ አልሰማሽም? ‹ነጎደ› ነው ያሉኝ። ፈሪ መሆኔን ቢያውቁ ምን ይሉኝ ነበር?»

ሐኪም ቤት እንደሄደ ነገራት። አንዱ ሆስፒታል ልቡን በማሽን አይቶ ጤነኛ ነህ አለው፤ አላመነም፤ ሌላ ሄደ፤ ያም እንደዚያው አለ። የመጨረሻው ሐኪም ወደ አእምሮ ጤና ክፍል መራው። የመራበትን ወረቀት በር ላይ ቀዶ ጣለው።

«እብድ ነህ አለኝ እኮ!»

«እብድ ነህ አላለህም።»

«ሌላ ምን ማለት ነው ታዲያ? እዚያ የሚሄዱትን አላውቅም እንዴ? ቁጭ ብለው አፋቸውን ከፍተው ዝንብ የሚያስገቡ። እኔ ከእነሱ ጋር ልሰለፍ?»

እሷ ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፤ ወደ ካቢኗ።

«ላይ መጥቶብህ ያውቃል?»

«ላይ ሰው የለም። ላይ አይመጣም።»

«እስካሁን አልመጣም ማለትህ ነው።»

ምን እንደምትል ገብቶት ፊቱ ተለወጠ። «ተይ» አለ በለሆሳስ። «እባክሽ ይህን እንኳ ተይልኝ።»

«ከመንጠቆው ሥር የሚሠሩት ሰዎች ልጆች አሏቸው። ነገ አትወጣም። ታክመህ፣ ከሐኪም ወረቀት ይዘህ ና። ለፎርማኑ ለምርመራ ሄዷል እለዋለሁ፤ ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም።»

ደመናው ሄልሜቱን ከመሬት አነሳ፤ አቧራውን በጥንቃቄ አራገፈ፤ ከዚያ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«የአባትሽ ልጅ ነሽ» አላት።

የተናገረችው ትክክል ነበር፤ ይህን እሱም በልቡ ያውቃል። የእሱም ምሬት ትክክል ነበር፤ የቀረችለትን አንዲት ደህና ቦታ ነው የወሰደችበት። ወደ ኮንቴይነሩ ተመልሳ ወረቀቷን ከፎርማኑ ተቀበለች። ትክክል መሆን ይህን ያህል የሚያስጠላ ነገር መሆኑን ከዚያ ቀን በፊት አታውቅም ነበር።

ደመናውን ወደ አእምሮ ጤና ክሊኒክ የወሰደው ተስፋ አልነበረም፤ እልህ ነው። «ምንም የለበትም» የሚል ወረቀት አጽፎ ፊቷ ላይ ሊወረውረው ነው የሄደው።

የመቆያው ክፍል ሁለት ረድፍ የፕላስቲክ ወንበርና አንድ የደረቀ አበባ ነበረው። የተቀመጡትን አንድ በአንድ ናቃቸው። ያ ወፍራም ሰው ሰነፍ ነው። ያቺ ልጅ ቅምጥል ናት፤ ሥራ ብትሠራ ይለቃት ነበር። ጥግ ላይ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ከራሷ ጋር ታወራለች፤ «ይኸው! ከእነዚህ ጋር ነው የቀላቀለችኝ» ብሎ ጥርሱን ነከሰ። ሴትዮዋ ዞር ስትል ጆሮዋ ላይ የስልክ ማዳመጫ አየ። ከልጇ ጋር ስለ ጎመን ነበር የምታወራው።

ባለሙያዋ ጉንፋን የያዛት፣ የሹራቧን ቁልፍ አዛንፋ የቆለፈች ትልቅ ሰው ነበረች። እሷንም ናቃት።

«አንተ ልበልህ? ልጄ ትሆናለህ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«እንደፈለግሽ። የመጣሁት ለወረቀት ነው።»

«እሺ፣ ወረቀቱ የትም አይሄድም። ሲመጣብህ ምን ታደርጋለህ?»

«ካለሁበት እሄዳለሁ።»

«ዝም ብለህ?»

ሊዋሽ ነበር። ግን ይህችን ጉንፋናም ሴትዮ ለመዋሸት እንኳ ከጉዳይ አልቆጠራትም። እውነቱን የተናገረው ስለናቃት ነው። «ሰድቤ ነው የምሄደው» አለ። «ማንም ተከትሎኝ እንዳይመጣ።»

«ማን ማንን ሰድበሃል?»

ለቀልድ ያህል ጀመረ። የባንኩን ገንዘብ ተቀባይ። የአጎቱን ልጅ፣ በሰርጉ ቀን። አብሮት የተማረውን ጓደኛውን፣ ታክሲ ውስጥ። ታላቅ እህቱን፣ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ... እዚህ ላይ ድምፁ ተሰናከለ። እህቱ ከዚያ ወዲህ ደውላለት አታውቅም። እሱም አልደወለም። ሲቆጥር የነበረው የሰደባቸውን መስሎት ነበር፤ ለካ የወደዱትን ነው።

ባለሙያዋ አላጽናናችውም። የሚመጣበት ድንገተኛ ጭንቀት ፓኒክ እንደሚባል፣ እብደት እንዳልሆነ፣ እሳት ሳይኖር እንደሚጮህ የእሳት ደወል ሰውነት የሚያሰማው ጩኸት መሆኑን በደረቁ ነገረችው። «ደወሉ እውነተኛ ነው፤ የሚጮኸው ግን ለሌለ እሳት ነው። አንተ በጮኸ ቁጥር ሕንፃውን ጥለህ ስለምትሮጥ፣ እሳት አለመኖሩን አንድ ቀን እንኳ ቆመህ አላየህም።» ከዚያ ተሽከርካሪ ወንበሯን ገፋችለት። «ተቀመጥና ተሽከርከር።»

«ምን?»

«ዙር። እስኪያዞርህ። ልብህ እስኪመታ።»

«ይሄ ነው ሕክምናው? የሕፃናት ጨዋታ?»

«አዎ፣ ብዙ ተምረን የደረስንበት እዚህ ነው። ዙር። መሄድ ካሰኘህ በሩ አልተቆለፈም። መስደብ ካሰኘህ እኔ አለሁ፣ ዛሬ ሌላ ሥራ የለኝም።»

ዞረ። ክፍሉ ተንሸዋረረ፤ ልቡ መታ፤ ያ የሚያውቀው ጭንቅ በጉሮሮው ወጣ። ወደ በሩ አየ። አፉን ከፈተ፤ ስድቡ ምላሱ ላይ ነበር። ባለሙያዋ አነጠሰች። እሱም ወንበሩን ጨብጦ ተቀመጠ፣ ተቀመጠ፣ ተቀመጠ። ማዕበሉ እስከ አፍንጫው ወጣና፣ ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይሰደብ፣ በራሱ ጊዜ ወረደ።

ባለሙያዋ ለሥራ የሚመልሰውን ወረቀት አልሰጠችውም። ብዙ ጊዜ መምጣት እንዳለበት፣ ክሬኑን በሚመለከት አሁን ምንም ቃል እንደማትገባ ነገረችው። ሲወጣ በእጁ የቀጠሮ ካርድ ብቻ ነበር። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። ከእሷ የመጣ መልእክት ነው፦ «ዝም ስላልክ አላቆምኩም። ሄድክ?»

ደረጃው ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጻፈ፦ «ሄድኩ። ወንበር ላይ አሽከረከሩኝ።»

መሐንዲሷ ይህን ያነበበችው በፕላን ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ሳቅ ጀመረችና መጨረስ አቃታት፤ መሐረብ ፍለጋ መሳቢያውን ስትበረብር የሥራ ባልደረባዋ «ደህና ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። ደህና መሆኗን ራሷም አላወቀችም።

በክሊኒኩ ጥቂት ሳምንታት እንደተመላለሰ ተቋራጩ ቢሮው አስጠራው።

ደመናው ሊባረር እንደሆነ ገምቶ ገባ። ተቋራጩ ግን ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለው፤ እጁንም ጨበጠው።

«ተቀመጥ ጎበዝ። አትቀመጥም? እሺ ቁም። ስማ፣ ያመጡልኝ ኦፕሬተር ቀንድ አውጣ ነው። አንድ ኩንታል ሲያነሳ እኔ ፀጉሬ ይሸብታል። ለምን እንደወረድክ ልጄ አልነግርም ብላኛለች፤ እኔም አልጠይቅም። ነገ ውጣልኝ።»

«አለቃ፣ እኔ...»

«ስለ ምሳው ከሆነ ረስቼዋለሁ። እንዲያውም ልንገርህ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወደድኩህ። ያን ቀን ስቄብህ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን፣ ቤቴ የሚገባው ወንድ ሁሉ ጫማዬን ሊልስ ነው የሚመጣው። አንተ ብቻ ነህ ፊቴ ላይ ቆመህ ጊዜዬን አታባክን ያልከኝ። ልቤ እንደዚያ ያለ ሰው ነው ለልጄ የሚፈልገው። የማይለምን። የማይፈራ።»

ደመናው ክሬኑንም፣ ልጅቷንም፣ አማትየውንም በአንድ ትሪ ላይ ሲያቀርቡለት አየ። የሚጠየቀው ዋጋ አፉን መዝጋት ብቻ ነው። ያንን ንቀት ዕድሜ ልኩን እንደ ካፖርት ለብሶ መኖር ብቻ። ይህን ሽማግሌ አየው፤ መናቅን እንደ ጀግንነት የሚቆጥር፣ ሰው ሲሰድበው የሚከበር የሚመስለው ሽማግሌ። ናቀው፤ በዕድሜው ማንንም እንዲህ አልናቀም። ደግሞም ያው ንቀት የገዛ ራሱ ልብስ መሆኑን አወቀና አንገቱ ድረስ ቀላ።

«አልወጣም» አለ። «ሕክምና ላይ ነኝ፤ እስኪፈቀድልኝ አልወጣም። ያን ቀንም አልናቅኩዎትም አለቃ። ፈርቼ ነው።»

«ምን?»

«ፈርቼ ነው የሸሸሁት።»

ተቋራጩ ፊቱ በራ። «እኔን? ኧረ ተው፣ እኔ እኮ ስታየኝ ነው የማስፈራው...»

«እርስዎን አይደለም። ምንንም አይደለም። ዝም ብሎ ይመጣብኛል። ሰው መካከል ስቀመጥ የምሞት ይመስለኛል፤ እንዳይታይብኝ ሰድቤ እሄዳለሁ። ይኸው ነው።»

ከዚያ ተቋራጩ መሳቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ። «ሾርባ!» አለ ጠረጴዛውን እየመታ። «ሾርባ ፈርቶ! እኔ ደግሞ ወንድ አገኘሁ ብዬ! ልጄ! ልጄ፣ ነይ እስቲ ስሚ ጉድሽን!»

ልጅቷ ከጎን ካለው ቢሮ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሁለቱንም አየች፤ ምን እንደተባለ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ደመናውም አያት። በዚያው ቅጽበት ደረቱን ጨመደደው።

ከኋላው በሩ ክፍት ነበር። ስድቡም ተዘጋጅቶ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ስድብ የሚገባው ሰው ፊት ቆሞ አያውቅም። እሱ ግን ያልተጋበዘበትን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጉልበቶቹን በእጆቹ ያዘ። ላቡ ግንባሩ ላይ ፈላ።

«ይቅርታ» አለ፣ ቃላቱን በትንፋሹ መካከል እያሾለከ። «አሁን... መጥቶብኛል። ያልፋል። እስኪያልፍ አልሄድም። እርስዎ... ይሳቁ፣ ችግር የለም።»

ሳቅ እንዲህ ሲፈቀድለት ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የተቋራጩ ሳቅ አፉ ላይ ጥቂት ተንጠልጥሎ ቆየና ወደቀ።

«ሐኪም ጥሪ እንጂ! ምን ያቆምሻል?» አለ ለልጁ።

«ሐኪም አለው አባዬ።»

«እና እኛ ምን እናድርግ?»

«ምንም። ቁጭ በል።»

ተቋራጩ በሕይወቱ «ምንም አታድርግ» ተብሎ አያውቅም። ንቀቱ ከፊቱ አልለቀቀም፤ የሚያሳርፍበት ስላጣ ግን እንደ ባዕድ እጅ ከበደው። ዞር ዞር አለና ተቀመጠ።

እሷም ወንበር ስባ ከደመናው ፊት ለፊት ተቀመጠች። አልነካችውም፤ አልተንሰፈሰፈችለትም። ያ አንገቱን አቅንቶ የወጣው፣ ተቀምጣ ያለቀሰችለት ኩሩ ሰው የትም አልነበረም። በእሱ ፋንታ ከንፈሩ አመድ የመሰለ፣ ሸሚዙ ከጀርባው የተጣበቀ፣ በአባቷ ፊት እየተንቀጠቀጠ ዓይኑን ከዓይኗ ያልነቀለ ሰው ተቀምጧል። ደረቷ ውስጥ የሞላው ነገር ኩራት ይሁን ርኅራኄ፣ ወይስ ፍርሃቱ ወደ እሷም ተጋብቶ ይሁን፣ አልለየችውም። ብቻ ይህን ሰው በዚህ መልኩ ከእሷ ሌላ ማንም እንዳያየው በድንገት ቀናች፤ ወዲያውም ዓለም ሁሉ ባየላት ብላ ተመኘች።